ትሬብሉን ጨምርልኝ

ሬሲቨር ስል የዲሹን እንዳይመስላችሁ። እሱማ ትናንት የመጣ ነው። እኔ የምላችሁ የጥንቱን ነው፤ ግንባሩ ብር የመሰለ፣ ጎንና ጎኑ እንጨት የለበሰ፣ ሲከፈት የጣቢያ ቁጥሮቹ ላይ አረንጓዴ ብርሃን ቀስ ብሎ የሚፈስበት፣ ለማንሳት ወገብ የሚጠይቅ ስቴሪዮ። ሬዲዮውም፣ ድምፅ ማስተካከያውም፣ ድምፅ ማጉያውም አንድ ሆድ ውስጥ ናቸው። መዶሻ የሚባለው ሰውዬ ቤት እንዲህ ያለ ሬሲቨር ነበር፤ ከሳሎኑ መስኮት ሥር፣ ከሚስቱ ጋር ከተጋቡ ጀምሮ ከቦታው ንቅንቅ ሳይል።

መዶሻ ስሙ አይደለም። ዕድሜ ልኩን ጋራዥ ውስጥ የተጋጨ መኪና ቆርቆሮ እየቀጠቀጠ ሲያቃና ስለኖረ የወጣለት ቅጽል ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም ዛሬ የሚያውቁት ሚስቱና ጡረታ የሚከፍለው መሥሪያ ቤት ብቻ ናቸው። ሚስቱ በበኩሏ የስልክ ማዞሪያ ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ ሰፈሩ ስልከኛዋ ይላታል። ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፍታ የሰውን መሥመር ከሰው መሥመር ስታገናኝ፣ ደዋዩ ገና «ሀሎ» ሳይል ከትንፋሹ ማንነቱን ትለይ ነበር ይባላል። እሱ በጩኸት፣ እሷ በሹክሹክታ ኑሯቸውን ገፍተው፣ አንዲት ሴት ልጅ አሳድገው ድረው፣ ሁለቱም ጡረታ ወጡ።

ከዚያ ነው የሷ ጆሮ የከዳት። አንድ ቀን ከሰዓት፣ የሬዲዮ ትረካ እየሰሙ ሳለ፣ እኔ'ኮ የሚለው አይሰማኝም፣ እስቲ ድምፁን ከፍ፣ ትሬብሉንም ጨመር አድርግልኝ አለችው። ትሬብል የሚሉት ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ማዞሪያ ነው፤ ሰውዬው «ሰ» ይበል «ተ» ይበል የሚለየው በሱ ነው። ጉድ በሉ እንግዲህ፣ ትንፋሽ ትለይ የነበረች ሴት! መዶሻ ሆዱ ባባ። ተነስቶ ሬሲቨሩ ፊት ተንበረከከና ማዞሪያውን ነካ ነካ አደረገ። አሁንስ ይላታል፣ ትንሽ ጨምርልኝ ትለዋለች፤ አሁንስ ይላታል፣ ጥቂት ብቻ ትለዋለች፤ ማዞሪያው መጨረሻው ላይ ደርሶ አልዞርም ሲል፣ አሁን ገና ሰው ሆነ አለች። ከዚያን ቀን ወዲህ መዶሻ ላገኘው ሁሉ «ጆሮዋ እኔ ነኝ» ማለት ጀመረ። ሲለውም ደረቱን ነፋ አድርጎ ነው።

ያች የከሰዓት ሰዓት ምን ትመስል እንደነበር ልንገራችሁ። ፀሐይዋ በመጋረጃው ተጣርታ ትገባለች፤ ወለሉ ላይ ቢጫ ውሃ የፈሰሰ ይመስላል። አቧራው በብርሃኑ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ የትም የመድረስ ሐሳብ የለውም። የሬሲቨሩ መብራት ይበራል፣ የጣቢያ መርፌዋ ትንሽ ትንቀጠቀጥና ትረጋለች፣ ተራኪው ጉሮሮውን ይጠርጋል። ስልከኛዋ ሶፋው ላይ እግሯን አጥፋ ትቀመጣለች፤ መዶሻ እታች ምንጣፉ ላይ፣ ጀርባውን በሶፋው አስደግፎ። ታሪኩ የመርከበኛ ይሁን የነጋዴ፣ እሱ ግማሹን በእንቅልፍ፣ ግማሹን በንቃት ይከተለዋል። መርከቧ በሳሎኑ መሃል ታልፋለች። የሞተ ጓደኛው ጋራዡ በር ላይ ቆሞ እጁን ያወዛውዝለታል። ልጁ እንደገና ትንሽ ሆና ወንበር ሥር ትድሃለች። ትረካው ሲያልቅ ስልከኛዋ፣ እስቲ በትክክል መስማቴን እይልኝ ትልና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ትተርክለታለች፤ እሱ ራሱን እየነቀነቀ፣ ልክ ነሽ፣ አንዲት ነገር አላመለጠሽም ይላታል። በዚህ ዓለም ላይ ያችን ሰዓት የሚያህል የሚወደው ነገር አልነበረውም።

ዓለምም በስተርጅናው ለስልሳለታለች። ድሮ ጠዋት ጠዋት እንቅልፍ የሚነሱት ወፎች ሰፈር ቀይረዋል። ልጁ የገዛችለት አዲስ የሻይ ማንቆርቆሪያ እንደ ድሮው አይጮህም፤ ደህና ፋብሪካ የሠራው ነው። በሩ ሲጥጥ ማለቱን የተወው እሱ ማጠፊያውን ዘይት ስለቀባው ነው። የዛሬ ልጆች ደግሞ ሲያወሩ አፋቸውን አይከፍቱም፤ የአስተዳደግ ነገር ነው። ለሁሉም መልስ ነበረው። ቤት የመጣውን እንግዳ ሁሉ ከበር ላይ ይዞ፣ ጮክ በሉ፣ እሷ አይሰማትም እያለ ያስጠነቅቃል፤ ያ ቤት ሰው የሚጯጯህበት ቤት ሆኖ ቀረ።

አንድ ከሰዓት ታዲያ ተራኪው ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ሬሲቨሩ ጧ አለና ዝም። ከክዳኑ ሽንቁር ቀጭን ጭስ ወጣ። መብራቱ እንደበራ ነው፣ መርፌዋም ትንቀሳቀሳለች፤ የጠፋው ድምፅ ብቻ ነው። መዶሻ ሶኬቱን ነቅሎ፣ ጎረቤቱን መኪና ለምኖ፣ እንደ ታመመ ልጅ እቅፍ አድርጎት ራዲዮ ሠሪዋ ዘንድ ወሰደው።

ራዲዮ ሠሪዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የምትውል ጎልማሳ ሴት ናት፤ ሱቋ ውስጥ ከሞቱ ቴሌቪዥኖች በቀር መቀመጫ የለም። ክዳኑን ፈትታ ሆዱን ስትመረምር ቆየችና ነገሩን አስረዳችው። ይኼ ሳጥን ሁለት ሰው ማለት ነው አለችው። ፊተኛው ድምፁን ተቀብሎ፣ ወፍራሙን ቤዝና ቀጭኑን ትሬብል መጥኖ ያሰናዳል፤ ኋለኛው የተሰናዳውን ተሸክሞ ስፒከሩ ድረስ ያደርሳል። የሞተው ተሸካሚው ነው፣ መለዋወጫውም ከገበያ ጠፍቷል። አሰናጁን ግን ክፉ አልነካውም። ስለዚህ ሌላ ትንሽ ማጉያ ይፈለግና ከኋላው ይቀጠልበት፤ ሬሲቨሩ ከእንግዲህ ፕሪአምፕሊፋየር ብቻ ሆኖ፣ እያሰናዳ ለሌላው እያቀበለ ይኖራል። ጀርባውን አዙራ፣ ሁለቱን ግማሾች የሚያገናኙትን ሁለት አጫጭር የብረት ድልድዮች አሳየችው፤ እነሱን ነቅሎ ገመዱን ከላይኛው ቀዳዳ ላይ መሰካት ነው። መጥቼ ልሥራልዎ ብትለው አሻፈረኝ አለ። የተጨማደደ መኪና ያቃና እጅ ገመድ መሰካት ይቸግረዋል እንዴ?

ልጁ ማጉያውን ገዝታ መጣች፤ የሳሙና ካርቶን የምታክል፣ ግንባሯ ላይ አንዲት ማዞሪያ ብቻ ያላት። ድምፁን ከዚህ ከፍና ዝቅ አድርግ፣ የቀረውን ከድሮው ላይ ትመጥናለህ ብላ፣ በጆሮው ጮኻ፣ ወደ ሥራዋ ሮጠች። መዶሻ ሬሲቨሩን ከግድግዳው አራቀ። ድልድዮቹን ሊነቅል ሲል ዓይኑ አንድ ገመድ ላይ አረፈ። ድሮ ከሬዲዮ ወደ ካሴት የሚቀዱበት ገመድ ነው፤ ቴፑ ከተጣለ በኋላም እዚያው ተሰክቶ የቀረ። ድምፅ የሚወጣበት ገመድ ያው ድምፅ የሚወጣበት ገመድ ነው፣ ምን አስለፋኝ አለ በልቡ። ጫፉን አዲሷ ማጉያ ላይ ሰካ፣ ከፈተ፣ ድምፅ መጣ። ሬሲቨሩን ወደ ግድግዳው ገፍቶ እጁን አራገፈ።

አይ መዶሻ! ያ ገመድ እኮ ድምፁን የሚወስደው ገና ከበሩ ላይ ነው፣ ቤዙም ትሬብሉም ሳያገኙት። ካሴት ላይ የሚቀዳ ድምፅ እንደመጣ ነው የሚቀዳው። ሾርባውን ጨው ሳይገባበት ከድስቱ ጨልፎ እንደ መጠጣት በሉት። ትሬብሉን ከዳር እስከ ዳር ቢያዞሩት፣ ከፈለጉም ነቅለው ኪሳቸው ቢከቱት፣ የሚለወጥ ነገር የለም። ጆሮ ያለው ሰው ይህን በአንድ አፍታ ይለየዋል።

ከሰዓት ሆነ። ስልከኛዋ ቦታዋን ያዘች፣ ተራኪው ጀመረ፣ መዶሻ ተንበርክኮ ትሬብሉን አዞረ። አሁንስ አላት። ጨመረና ደግሞ ጠየቃት። ሴትየዋ ከማዞሪያው ወደ ፊቱ፣ ከፊቱ ወደ ማዞሪያው አየች። እሱ ወደ መጨረሻው ወሰደው፣ ወደ መጀመሪያው መለሰው፣ እንደገና ወሰደው፣ በየመሃሉ አሁንስ፣ አሁንስ እያለ። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«አልሰማሁም» አለች በመጨረሻ። «ሠሪዋን ጥራት።»

ሠሪዋ ምን ታደርጋለች? ማሽኑ እንደሆነ ይሠራል። ተራኪውም ያወራል፤ መዶሻ ድምፁን እየሰማው ነው፣ ከግድግዳ ጀርባ እንደሚያወራ ሰው፣ ወፍራም፣ ሞቅ ያለ፣ እንቅልፍ የሚያመጣ። ቃላቱ ያልተያዙለት ልቡ እሷ ጋ ስለሆነ ነው። እንግዲህ ማሽኑ ደህና ከሆነ፣ የሞተው የሷ ጆሮ ነው። ይህ ሲገባው ምንጣፉ ላይ እንደተንበረከከ ቀረ። ያን ቀን ታሪኩን መልሶ የሚተርክ ሰው ቤቱ ውስጥ አልነበረም።

ቀጥለው የመጡት ቀናት ጭጋግ ነበሩ። ከሰዓት ሲሆን ማሽኑን አይከፍቱትም። እሷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ልብስ ትጠግናለች፣ እሱ እሷን ያያል። መርፌዋ ገባ ወጣ ስትል እያየ ያሸልበዋል፤ ሲነቃም መርፌዋ እዚያው ናት፣ ብርሃኑ ብቻ ፈቀቅ ብሏል። ከእንግዲህ ሚስቱ ዝም ባለ ውሃ ውስጥ ብቻዋን ልትኖር ነው፤ እሱ ዳር ቆሞ ሊጣራ ነው፤ ያች ሰዓታቸው አለቀች። መዶሻ ሞትን እንኳ እንዲህ ፈርቶት አያውቅም።

ለልጁ ደውሎ፣ ለእናትሽ የጆሮ ሐኪም ቀጠሮ ያዢላት አላት። ልጅቱ እንደ ልማዷ እየጮኸች፣ ለእማዬ ነው አባዬ ብላ ጠየቀችው። ታዲያ ለማን ሊሆን ኖሯል ብሎ ተቆጣት። ቀጠሮው ተያዘ። ስልከኛዋ ግን አልሄድም ብላ ድርቅ አለች፤ መጀመሪያ ሠሪዋ መጥታ ትየው ነው የምትለው። መዶሻ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያለ አጉረመረመ። ሞኙ ማን እንደሆነ እናንተ ደርሳችሁበታል፤ እሱ ገና ነው።

የቀጠሮው ዋዜማ ከሰዓት ላይ እንቅልፍ ወሰደው። በሕልሙ ጋራዥ ውስጥ ነው። መዶሻው ጥጥ ሆኗል፤ ቆርቆሮውን ሲመታው ድምፅ አይሰጥም፣ ቆርቆሮው ግን ይቃናል፣ እየተቃና እየተቃና ኩሬ ይሆናል፣ ኩሬው ውስጥ ሰማይ ይታያል። ከዚያ ነቃ፣ ወይም የነቃ መሰለው። ሶፋው ባዶ ነው። በካልሲው ኮሪደሩን ይዞ ሄደ፤ ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ጋደም ብሏል፣ ቤቱ ሁሉ ገና ሕልሙ ውስጥ ያለ ይመስላል። የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። ሚስቱ ጀርባዋን ሰጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስልክ ታወራለች።

ስልኩን ጆሮዋ ላይ አልተጫነችውም፤ እንደ ነገሩ ነው የያዘችው። ሁለተኛ እጇን አፏ ላይ ጋርዳለች፣ ድሮ ማዞሪያ ቤት ታደርግ እንደነበረው። ታዳምጣለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ፈገግ ስትል ጉንጯ ከጎን ይታያል፣ መልሳ ታዳምጣለች። መዶሻን መጀመሪያ ደስታ ልቡን ሊያቆመው ደረሰ፤ ትሰማለች! ከዚያ ሌላ ነገር ታወቀው። አገጯ ይንቀሳቀሳል፣ እያወራች ነው፤ እሱ በሩ ላይ ቆሟል፣ እጁን ቢዘረጋ ትከሻዋን ይነካል፤ ድምፅ ግን የለም።

ጋራዥ እያለ ቆርቆሮ የተጎዳበትን ቦታ የሚፈልገው በጥፍሩ ነበር። ቀለም ሸፍኖት ዓይን የማያየውን፣ ጥፍር ጠቅ ጠቅ ሲያደርገው ጆሮ ይለየዋል፤ ደህናው ጥርት ይላል፣ በስቱኮ የተደፈነው ይታፈናል። አሁንም እጁ ሳያዘው የበሩን እንጨት በጥፍሩ ጠቅ አደረገ፣ በጣም ቀስ ብሎ። ጣቱ ተሰማው፤ ጆሮው ምንም። ሚስቱ ግን ስልኩን እንደያዘች ወዲያው ዞረች።

ተያዩ። ስልኩን ዘጋችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አላት። የሚጠይቃት ስለ ራሱ ጆሮ መሆኑን ሁለቱም አውቀውታል።

አልዋሸችውም። አጠገቧ አስቀምጣ፣ አፏን እያየ እንዲረዳት ፊቷን ወደ ብርሃኑ አድርጋ ነገረችው። ጡረታ በወጡ ሰሞን ነው። ካፊያ ጣሪያውን ጠብ ጠብ ሲያደርገው፣ ዝናብ መጣ፣ ልብሱን እናስገባ ብትለው፣ እሱ እውነት ይሆን ብሎ መጋረጃውን ገልጦ አየ። ያን ሁሉ ዘመን ቆርቆሮ ሲያነጋግር የኖረ ሰው! ያን ጊዜ ገባት። ልትነግረው ስታስብ፣ ያን ሳምንት እሱ ሬዲዮውን ሊተወው ነው፤ ሰውዬው ያጉተመትማል፣ ሰለቸኝ፣ ልዝጋው ይላል። ዛሬ ሬዲዮውን ይተዋል፣ ነገ ሰው ያለበት መቀመጡን ይተዋል፣ ከዚያ ብቻውን አጥር ሥር ፀሐይ ሲሞቅ ይውላል፤ አባቱም እንዲሁ ነበር የሆኑት። ስለዚህ የማልሰማው እኔ ነኝ አለች። ትሬብሉ ለሱ ነበር። እንግዳው የሚጮኸው ለሱ ነበር። ታሪኩን መልሳ የምትተርከው ለሱ ነበር። አሁንም ለሠሪዋ የደወለችው መጥታ ገመዱን እንድታዛውር፣ ትሬብሉ አለመሥራቱን ግን ለሱ ትንፍሽ እንዳትል ለመለመን ነው፤ ራሷ እንዳታዛውረው ሬሲቨሩን ከግድግዳው መነቅነቅ አቅቷታል።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጆሮዋ እኔ ነኝ ስትል ፊትህ እንዴት እንደሚበራ አንተ አላየኸውም» አለችው። «ብቻህን ከምትደነቁር አብረን እንደንቁር አልኩ። ወድጄ ነው፣ አንተ ሰው። ስለምወድህ ነው።»

መዶሻ ግን አላቀፋትም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተናደደ። ልጁ ታውቃለች። ጎረቤቱ ያውቃል። ራዲዮ ሠሪዋ ሳትቀር ዛሬ አወቀች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው በሱ ደረሰ። ግቢ ወጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ከፊት ለፊቱ የመብራት ሽቦው ላይ ወፎች ተደርድረዋል፤ አፋቸው ይከፈታል፣ ጉሮሯቸው ይነፋል፣ ደረታቸው ይንቀጠቀጣል። የትም አልሄዱም ነበር። ያለ ድምፅ ሲዘምሩ እስኪበቃው አያቸው፤ ንዴቱ ቀስ እያለ በረደና ሥሩ የነበረው ሐዘን ብቻውን ቀረ። አለቀሰ። እሱስ ቢሆን ስንት ከሰዓት፣ ግማሹን ሳይሰማ፣ ልክ ነሽ፣ አንዲት ነገር አላመለጠሽም ብሏታል! በቃላት መሃል የሚያመልጠውን በሕልም እየሞላ፣ ሰማሁ እያለ ራሱን ሲነቀንቅ ኖሯል።

ሲመሻሽ ራዲዮ ሠሪዋ ደረሰች። ሬሲቨሩን አዞረች፣ ሁለቱን ድልድዮች ነቀለች፣ ገመዱን ከቴፑ ቀዳዳ አውጥታ ከትክክለኛው ላይ ሰካችው። ሥራዋን እየሠራች የስልከኛዋን ዓይን ትጠብቃለች፣ ሚስጥሩ ከአፏ እንዳያመልጥ። መዶሻ ራሱ ተንበረከከና ትሬብሉን እንደ ድሮው መጨረሻው ድረስ ወሰደው። ከግድግዳው ጀርባ ሲያጉተመትም የነበረው ሰውዬ በር ከፍቶ የገባ ያህል ሆነ፤ የአየር ሁኔታ ነበር የሚያወራው፣ ቃል በቃል ሰማው። ደስ ብሎት ዞር ሲል ግን ሠሪዋ ሁለት ጆሮዋን በእጇ ይዛለች። ለጤነኛ ጆሮ ያ ድምፅ ምላጭ ነው። ሚስቱን አያት፤ እሷ ፈገግ ብላለች፣ ጥርሷን ነክሳ። ያን ምላጭ በየከሰዓቱ እንዲህ ፈገግ እያለች ስትቀበለው እንደኖረች ያን ጊዜ ነው የገባው። ሬሲቨሩን ዘጋው።

ጠዋት፣ ቀጠሮውን እናስቀረው በቃ አለችው። እሱ ለብሶ ጨርሷል። ክሊኒኩ ውስጥ ተራ ሲጠብቁ ነርሷ ካርዱን ይዛ ወጣችና የስልከኛዋን ስም ጠራች፤ ጠጋ ብላም በጆሮዋ ጮኸችባት። መዶሻ ከወንበሩ ተነሳ።

«ስሙ የሷ ነው» አለ። «ጆሮው የኔ ነው።»

ግድግዳው ስፖንጅ የለበሰ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገቡት። ጆሮው ላይ ማዳመጫ ደፉበት፣ እጁ ላይ ቁልፍ ያለው ገመድ ሰጡት፤ ድምፅ በሰማ ቁጥር ቁልፉን መጫን ነው፣ ካልሰማ መተው። ሚስቱ ከመስታወቱ ማዶ ቆማለች። ልማድ ነውና ከፊቷ ሊያነብ ዞር አለ፤ ከዚያ ሐሳቡን ለወጠና ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዞረ። መጀመሪያ ወፍራም ድምፅ መጣ፣ ተጫነ። ቀጠን ያለ መጣ፣ ተጫነ። ከዚያ ዝምታ ሆነ፣ እንደ እንቅልፍ ሞቅ ያለ ረጅም ዝምታ፤ በውስጡ ሌላ ሰው የሚሰማው ነገር እያለፈ እንደሆነ ያውቃል። አውራ ጣቱ ቁልፉ ላይ ነው። ቢጫነው ማንም አያውቅበትም። መዶሻ ጣቱን አነሳና እጁን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ተቀመጠ።